«ግዴታ» ብዬ የተረጎምኩት ቃል

ቤሩት ምን ስትሠሪ ኖርሽ ሲሉኝ «አስተርጓሚ ነበርኩ» እላለሁ። ጎረቤቶቼ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ የማያምነኝ ብዙ ነው። አልፈርድባቸውም። ከጉለሌ የወጣሁት እንደ ብዙዎቹ እህቶቼ በኤጀንሲ፣ ለቤት ሠራተኝነት ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ወለል ስወለውል፣ ኩሳ የሚሉትን ዝኩኒ በሩዝ ስሞላ፣ የበረንዳ መስታወት ሳጸዳ አሳለፍኩ። ቀሪዎቹን ስምንት ዓመታት ግን በሐኪምና በታማሚ፣ በጠበቃና በባለጉዳይ መካከል ተቀምጬ አረብኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ አረብኛ ስመልስ ኖርኩ። ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ በፈረንጆቹ 2018 ራሴን በራሴ ጡረታ አውጥቼ አገሬ ገባሁ።

አሁን ጊዜ ሲተርፈኝ ያለፈውን አገላብጣለሁ። ስንት የፍርድ ቤት ክርክር፣ ስንት ምጥ፣ ስንት የአሠሪና የሠራተኛ ጭቅጭቅ አስተርጉሜ፣ አብዝቼ የማስበው ስለ አንዲት አጭር ግጥም ነው። ግጥሟ የተጻፈችው ሰው ለማበረታታት ነበር። እኔ ስተረጉማት ግን አንዲት ሴት ጎዳሁባት።

ቤሩት ዳር ያለው ሺያህ ሰፈር የደረስኩት በ2006 መጨረሻ፣ ከእስራኤል ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ገና መስታወት ያልገባላቸው መስኮቶች በላስቲክ ተሸፍነው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገቡ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ሱዓድ ይባላሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አረብኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሃላ እዚያው ሕንጻ ላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች። በአረብኛ «አንቱ» የለም፤ እኔ ግን በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸው ነበር።

ዓይናቸው በየወሩ እየደከመ ነበርና ከኤጀንሲው የጠየቁት ዓይኗ ደህና የሆነ ሠራተኛ ነው። ምግብ ትችላለች ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁም። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አጠገባቸው አስቀመጡኝና መጽሐፍ ጭኔ ላይ አኖሩ።

«ኢቅሪ» አሉኝ፤ አንብቢ ማለታቸው ነው።

«ማዳም፣ አልችልም።»

«አለመቻልሽን አውቃለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ትችያለሽ።»

ፊደሉን ያስተማሩኝ መዳፌ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ቢጽፉ እሳቸው አያዩትም፤ ስለዚህ እጄን ዘርግተው በጣታቸው ይስሉልኛል፣ ደግሞ እኔ መዳፋቸው ላይ ስዬ አሳያለሁ። ከኩሽና ስመጣ እጄ ርጥብ ከሆነ በቀሚሳቸው ጠርገው ይጀምራሉ። ማንበብ ስጀምር ደግሞ ሌላ ልማድ መጣ። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየነካሁ እንዳነብ አዘዙኝ። ብዙውን ጽሑፍ በቃላቸው ስለሚያውቁት አንዲት ቃል ከዘለልኩ በቀለበታቸው የወንበሩን እንጨት ጠቅ ያደርጋሉ። አይቆጡም፤ ጠቅ ብቻ። ወደ ኋላ ተመልሼ የዘለልኳትን እፈልጋለሁ።

ቃልን በቃል መፍታትም አይወዱም ነበር። አንድ ቀን «አማና ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡ የቤታቸውን ቁልፍ አወጡና «ወርደሽ ፓርስሊ ገዝተሽ ተመለሺ» አሉኝ። ብቻዬን ከዚያ በር የወጣሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ተመልሼ ቁልፉን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥ «አሁን በያዝሽው ጊዜ የተሰማሽ ነገር አማና ነው» አሉኝ። እኛ አደራ የምንለው ነው። እንዲህ የተማርኩትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

መልአክ ነበሩ ብዬ አላጋንንም። ፓስፖርቴን እስከ ሦስተኛው ዓመት ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈው ይዘውታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እሑድ እሑድም አልወጣሁም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ነገሩ ትዝ አላላቸውም።

ግጥሟ ሳሎን ውስጥ በፍሬም ተሰቅላ ነበር። ራሳቸው ማዳም ሱዓድ ለሚመረቁ ተማሪዎቻቸው የጻፏት ነች። ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ጠቅታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፌ ሆነች። አንዷን ቃል በአረብኛዋ ልተዋትና፣ እንዲህ ትላለች፦

በራስሽ እመኚ፤ ደጅሽ የሚከፈተው ከውስጥ ነው።
ሕልም ሰገነት አይደለም፤ ደረጃ ነው፤ በየቀኑ አንድ አንዱን ትረግጫለሽ።
ዋጂብ በአንቺና በሰው መካከል ይፈጸም፤ ያኔ ሕልምሽ በስምሽ ይጠራሻል።

በ2010 ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ሃላ እናቷን ወደ ራሷ ቤት አወጣቻቸው። ማዳም ሱዓድ ያኔ ያደረጉልኝን ብዙ ማዳም አታደርገውም። ባውሽሪዬ በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ ለስደተኛ ሴቶች ክሊኒክና የእሑድ ትምህርት ለሚሰጥ ትንሽ የበጎ አድራጎት ቤት ደውለው «የምታነብ ሐበሻ አለችኝ» አሉ። ደመወዙ ከቤት ሥራው ብዙም አይበልጥም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም እስከ መጨረሻው በእሳቸው ስም ይታደስ ነበር። እኔ ግን ከሺያህ ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ሁለቴ ይዤ ባውሽሪዬ ስወርድና የራሴ ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚኒስትር ያህል ይሰማኝ ነበር።

አለቃዬ ሚስተር ጆርጅ ቀና ሰው ነው፤ ችግሩ ችኮላው ነበር። አንድ ታማሚ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስትናገር ከቆየች በኋላ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ «ያላ አስቴር፣ ቶሎ በይ፣ ባጭሩ ምን አለች?» ይላል። ወረፋው ደረጃው ላይ ድረስ ስለሚቆም አልፈርድበትም። ቀስ በቀስ ግን የእሱ «ባጭሩ» ምላሴ ላይ ገባ። ሰው የሚናገረውን ሳይሆን የሚፈለገውን ብቻ አውጥቼ መስጠት ለመድኩ። ጎበዝ ነች አሉኝ፤ እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

በ2013 መጀመሪያ ሚስተር ጆርጅ ለእሑዱ ስብሰባ ሞራል የሚሰጥ ነገር እንድፈልግ ነገረኝ። «አንድ ገጽ፣ አጭር፣ ሴቶቹን ቀና የሚያደርግ» አለ። ወዲያው ሳሎን የተሰቀለችው ግጥም ትዝ አለችኝና ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ በአንድ ከሰዓት ተረጎምኳት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ገር ነበሩ። ሦስተኛው አስቸገረኝ። «በአንቺና በሰው መካከል» የሚለው አማርኛዬን አረዘመብኝ፣ ዜማውን ሰበረብኝ። ስለዚህ ቆረጥኩትና «ግዴታሽን ተወጪ፤ ያኔ ሕልምሽ በስምሽ ይጠራሻል» ብዬ ጻፍኩ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አማረልኝ።

እሑድ ሳነበው ሴቶቹ አጨበጨቡ። በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ወረቀቱን የወሰዱም ነበሩ፤ ከሳምንታት በኋላ በየኩሽናው ቁም ሣጥን ላይ ተለጥፎ እንዳለ ሰማሁና ደስ አለኝ።

ከወረቀቱ አንዱን የወሰደችው ዘሃራ ናት፤ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ የመጣች የሃያ አራት ዓመት ልጅ። በዚያ እሑድ ኋላ ተቀምጣ ወረቀቱን አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ስትከተው አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። አሠሪዎቿ እሑዷን ከልክለዋት እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

እንደገና ያየኋት ከሰባት ወር በኋላ ክሊኒካችን ውስጥ ነው። ያመጣቻት ሕንጻቸው ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ፋዲ በቀኝ እጇ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ሲፈታ ቆዳው እስከ አንጓዋ ተልጦ አመርቅዟል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀርተዋል። በረኪናና የመታጠቢያ ቤት አሲድ እየቀላቀለች ያለ ጓንት ስትፈገፍግ የጀመራት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ከአምስት ወር» አልኩለት ጠይቄ።

«ለምን እስከ ዛሬ ሳትታከም ቆየች?»

ጥያቄውን ስነግራት ዘሃራ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ለማዳሜ ሦስቴ አሳየኋት፤ ‹ቡክራ፣ ቡክራ› አለችኝ። ነገ፣ ነገ። ከዚያ እኔው ራሴ ተውኩት። እትዬ፣ ያንቺ ወረቀት ኩሽና ውስጥ ተለጥፏል እኮ። ‹ግዴታሽን ተወጪ› ይላል። ሥራዬን ላላጉድል፣ ኮንትራቴን ልጨርስና እታከማለሁ ብዬ ቻልኩት። ተሳሳትኩ እንዴ?»

«ሹ አለት?» አለኝ ዶክተሩ። ምን አለች ማለቱ ነው።

የኔን ጥፋት በኔው አፍ አረብኛ አድርጌ ለዚያ ሰው መንገር ነበረብኝ። አቃተኝ። ወረቀቱን ለመደበቅ ብዬ «ቡክራ» ያለችውንም አብሬ ቀበርኩት።

«ፈርታ ነው» አልኩት።

ዶክተሩ ጻፈ፤ ታማሚዋ ከፍርሃት የተነሳ ሳትታከም የቆየች። ሁለት ቃል ተናግሬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ የአሠሪዋ ባል መጥቶ ያንን ወረቀት አነበበና «ይኸው፣ ራሷ ናት የደበቀችን። ሐሙስ እንወስዳታለን፣ ኮንትራቷን ትጨርሳለች» አለ። ሚስተር ጆርጅ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ወረቀቱ እንዲህ ካለ ምን እናደርጋለን?» ዘሃራ እስከ ሐሙስ ቁስሉ እንዲታጠብላት ክሊኒኩ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ሺያህ ስመለስ ወደ ማዳም ሱዓድ ወጣሁ። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ያዘዙኝ ግጥሙን በአረብኛ እንዳነበንብ፣ ከዚያ የኔን አማርኛ ቃል በቃል ወደ አረብኛ እንድመልስ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቀለበታቸው ጠቅ አለ።

«‹በአንቺና በሰው መካከል› የት ሄደ?»

«ረዘመብኝና አስቀረሁት።»

«ዋጂብንስ ምን አልሽው?»

«ግዴታ።»

«ግዴታ በእኛ ቋንቋ ምንድን ነው?»

አሰብኩ። «ኢልዛም» አልኩ፤ አንድ ሰው ወዶም ሳይወድም የሚጫንበት።

«እኔ ኢልዛም አልጻፍኩም።» ከዚያ «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ለለቅሶ ሲመጣ፣ ስናመሰግናቸው ምን ነበር የሚሉት?» አሉኝ።

«‹ዋጂባችሁ ነው› ይሉ ነበር።»

«የመምጣቱ ዕዳ የማን ነበር?»

«የእነሱ።»

«ዋጂቡስ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«አየሽ፤ አንዱ ያደርገዋል፣ ለሌላው ይገባዋል። ዋጂብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንቺ አንዱን ሰው ቆርጠሽ አወጣሽው።»

አለቀስኩ። እሳቸውም «ሁሉንም ጥፋት ግን አንቺ አትውሰጂው» አሉ። «እኔ የጻፍኩት ወደ እናታቸው ቤት ለሚመለሱ ልጆች ነው። ኩሽና ውስጥ ያለችው ሴት ታነበዋለች ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አስቴር፣ ያንቺን ዋጂብ እኔ ፈጽሜልሻለሁ?»

ለደግ ሰው እውነት መናገር ለክፉ ሰው ከመናገር ይከብዳል።

«ማንበብ አስተማሩኝ፣ ሥራ አስገኙልኝ» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት ግን እሑድ አልነበረኝም።»

«ማዒክ ሐቅ» አሉ፤ እውነትሽን ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። በእጃቸው ዳብሰው እጄን ፈለጉና ጠበቅ አድርገው ይዘው ቆዩ። ከዚያ «በይ ሂጂና ያስቀረሽውን ለሐኪሙ ንገሪው» ብለው ለቀቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ፋዲ ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ዶክተር፣ ዘሃራ ከተናገረችው አስቀርቻለሁ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምታደርጊው?»

«እንዲህ ያለውን አንዴ። ማሳጠሩን ግን ብዙ ጊዜ» አልኩት። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

ዘሃራ ፊት ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ጠየቃት። ያለችውን ሁሉ፣ «ቡክራ»ውንም፣ ወረቀቱንም፣ «ተሳሳትኩ እንዴ» ያለችውንም ሳልዘል ነገርኩት። «ያንን ወረቀት የጻፈው ማነው?» ሲል «እኔ ነኝ» አልኩ። ለትንሽ ጊዜ አየኝና አዲስ ወረቀት አወጣ። ሦስት ጊዜ ሕክምና ጠይቃ ያልተፈቀደላት ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ሚስተር ጆርጅ ያባርረኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን አንብቦ «አጭር በይ አልኩሽ እንጂ ጉረጂ አልኩሽ?» አለና ወደ በጎ አድራጎቱ ጠበቃ ደወለ።

ሐሙስ ሰውየው መጣ። ጠበቃችን አዲሱን ወረቀት አስቀመጠለት። ብዙ ጮኸ፣ ከዚያ ዝቅ አለ፤ ከቀትር በፊት የመልቀቂያዋን ወረቀት ፈርሞ ሄደ። ዘሃራ ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። ስትድን እዚያው ባውሽሪዬ ለሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ገባች፣ የእሑድ ዕረፍቷም በውሏ ላይ ተጻፈላት። እጇ ብዙ ወር ከታሸ በኋላ የቀለበት ጣቷ ተቃና፤ ትንሿ ግን እንደታጠፈች ቀረች።

«ወላሂ ቀለበት የማደርግበቱ ከዳነ ምን ጎደለኝ!» ትል ነበር ለሰው። ለእኔ ግን ሁለት እሑድ ሙሉ ሰላምታ ነፈገችኝ። መብቷ ነው፤ ጠበቅኩ። በሦስተኛው እሑድ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል።

«እትዬ፣ ይህን እንዲሁ አትተዪውም። በየቤቱ ተለጥፏል። አስተካክይው።»

«አብረሽኝ ከሆነ» አልኳት።

ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ገባንበት። እኔ አረብኛውን አንድ አንድ ቃል እየነካሁ አስረዳለሁ፤ እነሱ ይጣላሉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ደጅሽ የሚከፈተው ከውስጥ ነው» ስል ብርቄ የምትባል የጎንደር ልጅ ሳቋን ለቀቀችው።

«የኔ ቤትማ ከውጪ ነው የሚቆለፈው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ዘሃራ ግን አልሳቀችም። «እሱማ የነሱ በር ነው። ግጥሙ ‹ደጅሽ› ነው የሚለው» አለች። መስመሩ ሳይነካ አለፈ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ረጅም ቆየን። «ግዴታና መብት» ያለችም ነበረች፤ የጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ መሰለና ጣልነው። የማዳም ሱዓድን የለቅሶ ምሳሌ ነገርኳቸው፤ አንዱ የሚያደርገው፣ ለሌላው የሚገባው።

«እና አልሽው አይደል!» አለች ዘሃራ። «‹የሚገባ› በይዋ። ከእኔም የሚገባው አለ፣ ለእኔም የሚገባኝ አለ።»

«‹ገባኝ› ማለትም ነው እኮ» አለች ብርቄ፤ «መጀመሪያ ካልገባሽ ማን ይሰጥሻል?»

እንዲህ ሆነ፦ በአንቺና በሰው መካከል የሚገባው ይፈጸም፤ ያኔ ሕልምሽ በስምሽ ይጠራሻል። ዜማው ከፊተኛው ያንሳል፤ አውቃለሁ። ሴቶቹ በየቤቱ ያለውን እየገነጠሉ አዲሱን ለጠፉ። ሳብራ ገበያ ውስጥ ርካሽ ጫማ የምትመርጥ የማላውቃት ሐበሻ ለጓደኛዋ በቃሏ ስትለው ሰምቼ፣ ቆሜ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።

አማርኛውን ለማዳም ሱዓድም አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አይገባቸውም፤ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና «አሁን ረዘም ብሏል» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

በ2016 አረፉ። ለቅሶ ስገባ እግሬ ልማዱ ሆኖ ወደ ኩሽና ወሰደኝ። አንዲት እንግዳም ውኃ እንዳመጣላት በእጇ ጠቀሰችኝ። ሃላ ከወንበሯ ተነሣችና «አስቴር የመጣችው ለዋጂብ ነው» አለቻት። ክንዴን ይዛ ከጎረቤቶቹ ተርታ፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠችኝ። ውኃውን ሃላ ራሷ አመጣች።

ዘሃራ አረብኛውን በእሑድ ትምህርቱ አሻሻለች፣ ንባቡን እኔ አስተማርኳት። ሁለት ዓመት አጠገቤ እየተቀመጠች ለመደች። በ2018 ወገቤ የሰርቪሱን መንገድ እንቢ ሲለኝና እናቴም በስልክ ነይ ስትለኝ ለሚስተር ጆርጅ ምትክ መፈለግ አላስፈለገውም። አሠሪዎቿም የመኖሪያ ፈቃዷን በስማቸው አቆይተው ቀኑን ለቀቁላት።

በመጨረሻው ሰኞዬ አንዲት ነፍሰ ጡር የጎጃም ሴት መጣች። እኔ ጥግ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ፤ ዘሃራ መሐል ገባች። ዶክተር ፋዲ በፍጥነት ሲናገር ትንሽ ጣቷ የታጠፈችውን እጇን አንሥታ «ሽወይ ሽወይ፣ ቀስ በል ዶክተር፣ ይህን አልያዝኩትም» አለችው፤ እሱም ደገመላት። ሴትየዋ እያፈረች አንድ ነገር ጠየቀች። ዘሃራ አልሳቀችባትም፣ አላሳጠረችውም፤ እንዳለችው ነገረችው። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ሲመልስላት የሴትየዋ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ማንም ልብ አላለኝም። ጥጉ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ከምድጃው ሲወጣ አንድ መናኢሽ፣ ዘይትና ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ቂጣ፣ ገዛሁና ከደጁ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያው ቤት እየገዛሁ፣ አንድ ንክሻ ሳልጨርስ «ያላ አስቴር!» እየተባልኩ ሳልጨርሰው ቀዝቅዞ ይጠብቀኝ ነበር። ያን ዕለት የጠራኝ የለም። ዘይቱ ጣቶቼ ላይ እየፈሰሰ፣ ምላሴን እያቃጠለኝ፣ ትኩሱን በልቼ ጨረስኩ።